«አዎ» ባልኩ ቁጥር ታማሚ የሆንኩባት መንደር

መነሻ፦ ሞርስ ሮድ

በፈረንጆቹ 2021 ሰመር ሲገባ እኔና ባለቤቴ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ተነስተን ኢኳዶር ገጠር የገባነው ለሽርሽር አልነበረም። እንቅልፍ ፍለጋ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ቀልዱ ወደኋላ አለላችሁ፣ ይኼኛው እውነት ነው።

ባለቤቴ ትዕግስት ትባላለች። እኔን ያገባች ሴት ሌላ ስም ሊኖራት አይችልም። ዌስተርቪል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ያ 2020 የሚሉት ዓመት ያጠበቻቸውን፣ ያጎረሰቻቸውን፣ «ካልሲህን የት ጣልከው?» እያለች የምትቆጣቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ከእጇ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም አብሮ ሄደ። ክኒኑም ሻዩም ጸበሉም ተሞከረ። እሷ ግን ጣሪያ እያየች ማንጋት ሆነ ሥራዋ።

እዚያው መጦሪያ አብራት የምትሠራ ሉስ የምትባል የኢኳዶር ሴት አለች። እናቷ ባለፈው ዓመት ዐርፈው የገጠር ቤታቸው ተዘግቶ ቀርቷል። አንድ ቀን ከሺፍት ሲወጡ፣ «ለምን ሄዳችሁ አትኖሩበትም?» አለቻት። «ኪራይ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ መንደሩ ለሚንጋ ሲወጣ ከእናቴ ቤት አንድ ሰው ይውጣ።»

ሚንጋ ማለት የኛው ደቦ ነው። መንደሩ ተሰብስቦ ከተራራው የሚወርደውን የውሃ ቦይ ይጠርጋል፤ ለቦዩ የለፋ ቤት የመስኖ ተራ ያገኛል። የሉስ እናት ቤት አሮጊቷ ካረፉ በኋላ አንድ ሚንጋ ቀርቷል። ሁለተኛ ከቀረ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ውሃ የሌለው ቤት ደግሞ፣ ሉስ እንዳለችው፣ በር ያለው ድንጋይ ነው።

«በኔ ጣይው!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። «የእናትሽን ውሃ ሚሲሲፒ ባላደርገው!»

እኔ ተሾመ እባላለሁ፤ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ነኝ። ቀኝ እግሬ ከነዳጅ መርገጫ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ይረግጣል፤ ተኝቼ ይረግጣል። አንድ ሌሊት እንደውም በህልሜ የሰፈራችንን ጎዳና ሞርስ ሮድን ጨርሼ ክሊቭላንድ ስደርስ ነው ትዕግስት ቀስቅሳ ያቆመችኝ። ልጃችን ሜሮን አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ኤርፖርት ስታደርሰን ሻንጣዬን እያወረደች፣ «ዳድ፣ ዩ ዎንት ላስት ኤ ዊክ» አለችኝ። ሳምንት አትቆይም ማለቷ ነው። ልጅ አባቱን ሲያውቅ ደስ አይልም።

መንገድ፦ «ሞቴ! ሞቴ!»

በማያሚ አድርገን ጓያኪል ወረድን። ሙቀቱ የአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ቆሞ ሲጠብቀን ነበር፤ እንደ ዘመድ አንገታችን ላይ ተጠመጠመ። ኢኳዶር የሚገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። እኔ ከዶላር እሮጣለሁ፣ ዶላር ቀድሞኝ ደርሷል። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ሾርባና ጭማቂ ያለበት ምሳ ሁለት ዶላር ከሃምሳ። ወደ ደጋው ከተማ ወደ ሎሃ የሚያደርሰው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ዶላር። ቀኑን ሙሉ ይሄዳል።

ሾፌር ሆኖ በሌላ ሾፌር መነዳት ቅጣት ነው። ያ ሰውዬ በአንድ እጁ ሙዝ ይልጣል፣ በሌላው ስልክ ያወራል፣ መሪውን በምን እንደያዘ እስከ ዛሬ አላውቅም። በቀኝ በኩል ተራራ፣ በግራ በኩል ምንም። ደመናው ከታች ነው። እኔ ፊቴ ያለውን ወንበር ፍሬን አድርጌ ስረግጥ፣ የተቀመጠችው ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ይኼኔ አንድ ጠመዝማዛ ላይ አውቶቡሱ ቀስ ሲል፣ ቅርጫት ያዘለች እናት ዘልላ ገባችና ገደሉን እያየች በሙሉ ድምፅ፣ «ሞቴ! ሞቴ! ሞቴ!» ብላ ጮኸች።

«ትግስቴ፣ አማርኛ ይችላሉ» አልኩ። «ሾፌሩን አይታው ነው።»

ትዕግስት ከሉስ የለቀመቻት ስፓኒሽ አለቻት። «ዝም በል» አለችኝ። «ሞቴ ማለት ንፍሮ ነው። የምትሸጠውን ነው የምትጠራው።»

የበቆሎ ንፍሮ ነበር፤ ከተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ጋር፣ በአንድ ዶላር። ያለ ቆዳው ወሰድን። ሞቴን ገዝቼ በላሁት እያልኩ ሎሃ ድረስ ሳቅኩ። ትዕግስት አልሳቀችም፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ከፍታ ነበር የምትሄደው። ከሎሃ በፒክአፕ፣ አቧራ እየቃምን፣ ሳውሴስ የምትባለው መንደር ገባን።

መንደር፦ ዶን ጣሪያ

ቤቷ የጭቃ ጡብ፣ ክዳኗ ቀይ ሸክላ ነው። ከኋላዋ የአትክልት ቦታ፣ ከቦታው ጫፍ ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ በየተራው ውሃ እየተንሿሿ ይመጣል። ጎረቤታችን ዶኛ ሮሳ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ ቁመታቸው እስከ ክርኔ፣ ድምፃቸው እስከ ሎሃ። የውሃው አለቃ ዶን ሰጉንዶ ይባላሉ፤ ዶን እንደኛ አቶ፣ ዶኛ ወይዘሮ መሆኑ ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀረውም፤ ባርኔጣቸው ግን ከሳቸው የሚበልጥ ይመስላል።

ስሜን ሲጠይቁኝ «ተሾመ» አልኩ። «ሸ» የምትባል ድምፅ እዚያ የለችም። «ቴቾ?» አሉ ዶን ሰጉንዶ። «ቴቾ!» አልኩ፣ እንግዳ ምን ይላል። ቴቾ ማለት ጣሪያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶን ጣሪያ ሆንኩ። ትዕግስት በሳቅ ወገቧን ያዘች። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ እንዲያ ስትስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ጣሪያም ወለልም ቢሉኝ ግድ አልነበረኝም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት ነገር ሆነ። ሦስቱም ቀላል ነገር መስለውኝ ነበር።

አንደኛው ሱቅ ውስጥ ነው። ጊዜው የኮቪድ ነው፤ ማስክ አድርጌያለሁ፤ በር ላይ ትኩሳት ለክተውኛል። ሩዝና ዘይት ገዝቼ ሳበቃ ባለሱቋ ዐይኔን እያየች፣ «ሳል?» አለችኝ። ኮሎምበስ ውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር ሳል አለብህ ወይ፣ ትኩሳት አለብህ ወይ ስባል ነው የከረምኩት። «ኖ ሳል!» አልኩ፣ ደረቴን በመዳፌ እየደበደብኩ። «ኖ! ኖ ሳል! ፈጽሞ!» ሴትዮዋ ደነገጠች። ለካ ሳል በስፓኒሽ ጨው ነው።

ሁለተኛው ግብዣ ላይ። ዶኛ ሮሳ ኩይ የምትባል፣ የአይጥ የአጎት ልጅ የምትመስል እንስሳ ጠብሰው፣ ከነጥርሷ እየሳቀች ሳህን ላይ አስቀመጡልኝ። ለክብር እንግዳ ብቻ ነው የሚታረደው። ለካስ ለክብርም አቅም ያስፈልጋል። «ጾም ነው» ልል ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ። እጄን ልቤ ላይ አድርጌ፣ ወደ ሰማይ አይቼ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ሳህኑን ቀስ ብለው አነሱት።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ዶን ሰጉንዶ በራችን ላይ መጥተው፣ «ዶን ቴቾ፣ ለሚንጋው ትወጣለህ?» አሉኝ። ይቺን እንኳ ገብታኛለች። እኛ ደግሞ ነገር ከልባችን ሲሆን አፋችንን ከፍተን «አዎ» አንልም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሽክ አድርገን «እ!» ነው የምንለው። አልኳታ! ማስኩ ተስቦ አፌ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ያልሰማሁ መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙ። እኔም ጮክ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ፣ «እ! እ!» አልኩ። ማስኩን ልውጠው ምንም አልቀረኝ። ዶን ሰጉንዶ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትከሻዬን በሐዘን ዳበስ አድርገው በቀስታ ሄዱ።

«አየሽ አክብሮት?» አልኳት ትዕግስትን። «ባርኔጣ ነው የተነሳልኝ!»

ዕለት ተዕለት፦ የሣር ሻይ

ከዚያ በኋላ መንደሩ ቀለበን። ጠዋት ሾርባ ይመጣል፤ ጨው የሚባል አልነካውም። ከሰዓት የተቀቀለ ዶሮ፤ ጨው የለውም። አመሻሽ ላይ እንስራ በሚያክል ማንቆርቆሪያ የሣር ሻይ ይመጣል፤ ሎሚ ሎሚ፣ ትንሽ ትንሽም በሬ በሬ ይላል። ዶኛ ሮሳ አጠገቤ ቆመው እስክጨርስ አይሄዱም። ልጆች በራችን ጋ ሲደርሱ ኳሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው በጣታቸው ጫፍ ያልፋሉ።

«ይኼ ሕዝብ ጨው አያውቅም እንዴ?» እላለሁ።

«ዝም ብለህ ብላ፤ ፖብሬሲቶ ይሉሃል» ትላለች ትዕግስት። «ፖብሬ ድሃ ማለት ነው። ድሃ መስለናቸዋል።»

«ከአሜሪካ መጥቼ?!»

የእኔ ነገር ግን በሾርባም በሣርም የሚድን አልነበረም። ጸጥታው አሳበደኝ። ጠዋት ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ፤ ዞሬ ስጨርስ ያው ጠዋት ነው። ድንጋይ ከዚያ ወደዚህ አመጣለሁ፣ ከዚህ ወደዚያ እመልሳለሁ፤ ዕቃ ማድረስ መሆኑ ነው። አህያ ሲያልፍ ታርጋውን አያለሁ። ስልኬ ኔትዎርክ የሚያገኘው ኮረብታው ላይ ስለሆነ፣ በቀን ሦስቴ እየወጣሁ የሞርስ ሮድን ትራፊክ በካርታው አያለሁ። ቀይ ሲሆን፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲቆም፣ ምራቄን እውጣለሁ። ከዚያ የመመለሻ ቲኬት አያለሁ። ከዚያ እወርዳለሁ።

ቲኬቱን የማልገዛው በአንድ ነገር ብቻ ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከግቢው ስገባ ከውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። የሞተር ድምፅ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ትዕግስት ናት። አግዳሚው ላይ ጋደም ብላ፣ እጇ አፈር እንደሆነ፣ ታንኮራፋለች። ጎመንና ባቄላ ስትተክል ውላ ነው። ጫማዬን አውልቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲያ ያለ ዜማ ከተሰማኝ ስንት ጊዜው! ቀኝ እግሬ እንኳ ቆመ።

ውሃው ሄደ

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ አካፋ ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁ። የሉስ አደራ! አካፋዬን አንስቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። ዶን ሰጉንዶ እንዳዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ትራንኪሎ፣ ዶን ቴቾ! ትራንኪሎ!» አሉ። ሪላክስ አድርግ ነው ነገሩ። ሁለት ሰው ብብቴ ሥር ገብቶ ወደ አግዳሚዬ መለሰኝ። ዶኛ ሮሳ ሣሩን አፈሉ። የኛ ሰፈር ተራ ሌላ ቀን ይሆናል ብዬ ጠጣሁ።

በሳምንቱ ውሃው አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም። ቦዩን ብከተል በኛ በር አልፎ ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ተጠልፏል። ዝናብ በሌለበት ወራት ነን። ጎመኑ ጆሮውን ጣለ፤ ባቄላው አመድ መሰለ። ትዕግስት ከምንጭ በጀሪካን ታመላልስ ጀመር፤ ወገቧን ይዛ ትገባለች። ማታ ሳያት ዐይኗ ተከፍቶ ጣሪያው ላይ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ተመልሶ መጣ።

«ትግስቴ፣ አልወደዱንም» አልኳት። «ሾርባው ይሉኝታ ነው። ውሃችንን ነጠቁን። እንሂድ።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስል ግማሽ ልቤ ደስ ብሎታል።

ጀሪካኑን አስቀመጠች። «አንተ ሂድ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «እኔ እዚህ ተኝቻለሁ።»

ስልኬን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ ቲኬት ልግዛ ወይስ ትራፊክ ልይ፣ አላውቅም። ትዕግስትም ተከትላኝ ወጣች። ገና ኔትዎርክ ሲይዝ የሷ ስልክ ጮኸ። ከኮሎምበስ ሉስ ናት ኮል የምታደርገው፤ እያለቀሰች፣ ድምጿ እኔ ድረስ እየተሰማ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «ተሾመ የልብ በሽተኛ መሆኑን ለምን ደበቅሽኝ?»

«ማ?»

«መንደሩ በሙሉ እየደወለልኝ ነው። ዶኛ ሮሳ ፖብሬሲቶ፣ ምስኪኑን፣ እያለች ሻማ እያበራች ነው። ጨው አልነካም ብሎ ደረቱን ይደበድባል፤ ሥጋ ሲቀርብለት ልቡን ይዞ ወደ ሰማይ ያያል፤ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ትንፋሹ ይቆረጣል አሉኝ። ሰላም አግኝቶ ሊሞት ነው የመጣው ብለው፣ እንዳይደክም ውሃውንም ሥራውንም ለታችኛው ጎረቤት ሰጡለት!»

ትዕግስት ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች። አየችኝ። «ተሼ፣ ሽማግሌው ስለ ሚንጋው ሲጠይቁህ ምን ብለህ መለስክ?»

«አዎ ነዋ።»

«እንዴት ያለ አዎ?»

«እ!» አልኩ፣ ትንፋሼን ስቤ።

ሉስ ከወዲያ ሰማችው። ለቅሶዋ መሀል ላይ ወደ ሳቅ ተገለበጠ። «ትዕግስት፣ አንቺም እኮ መጀመሪያ አብረን ስንሠራ እንዲህ ስትይኝ የአስም ኢንሄለር ልፈልግልሽ ሮጫለሁ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከበድ አለ። «ቅዳሜ ሌላ ሚንጋ አለ። እዚያ ላይ የእናቴን ተራ ለዘለቄታው ለታችኛው ቤት ያጸድቁታል። እኔ በስልክ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ራሳችሁ ድረሱ።»

ቅዳሜ፦ ሚንጋ

ማስኬን በኪሴ፣ አካፋዬን በትከሻዬ አድርጌ ተራራው ላይ ቀድሜያቸው ደረስኩ። ሲያዩኝ አካፋቸውን አወረዱ። አንዱ አካፋዬን ሊቀበለኝ፣ ሌላው ወንበር ሊያመጣ ተነሳ። ወንበር! ተራራ ላይ! የመጣውን ወንበር አልፌ ቦዩ ውስጥ ዘለልኩ።

የቆፈርኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሌላ አሥር ሜትር ብጨምር ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይፈስልን ነበር። ጭቃው ከራሴ በላይ ይበራል። ግን ሳውሴስ ከፍታ ላይ ናት፣ እኔም ሃምሳን የተሻገርኩ ተቀማጭ ሾፌር ነኝ። ከእኩሌታው በኋላ አካፋውን ተደግፌ ቆምኩ፤ አሁን የምር ትንፋሼ ተቆርጧል። ሴቶቹ አማተቡ። ዶኛ ሮሳ ሻማ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። ዶን ሰጉንዶ አንገታቸውን ደፉ። ጤነኛ መሆኔን ላስረዳ መጥቼ በሽታዬን በምስክር ፊት አረጋገጥኩ።

ይኼኔ ትዕግስት ወደ ቦዩ ወረደች። የጭቃ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በተሰባበረ ስፓኒሽ፣ «ስሙኝ» አለች። «ይኼ ሰው በሽተኛ አይደለም። ሞኝ ነው። በአገራችን አዎ እንዲህ ነው የሚባለው። ጠይቄው እዩት።» ወደኔ ዞረች። «ቴቾ፣ ደህና ነህ?»

«እ!» አልኩ።

«ጨው ትበላለህ?»

«እ!»

«ሞኝ ነህ?»

ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። አየኋት። እየሳቀች ነው፤ ዐይኗ ሥር ግን ያ ያልተኛ ሰው ጥላ አለ። ሳንባዬ የቻለውን ያህል ስቤ፣ «እ!» አልኩላት።

ተራራው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ወጣት አካፋውን ጥሎ ተንከባለለ። ዶኛ ሮሳ ግን ተቆጡ፤ «ያ ሁሉ ሣር!» አሉ። «ያ ሁሉ ጨው የሌለው ዶሮ!» ከድስታቸው ሾርባ ቀድተው መጡና አፍጥጠው፣ «ሳል?» አሉኝ። «እ!» አልኩ። አንድ እፍኝ ሞጀሩበት። ባሕር ጠጣሁ ማለት ይቻላል። እስከ ታችኛው ጠብታ ጨረስኩት።

ሥራው ሲያልቅ ዶን ሰጉንዶ ድንጋይ ላይ ቆመው ቤቶቹን በቃላቸው ጠሩ። የተጠራው ቤት ሰው «አለሁ» ይላል። የታችኛው ጎረቤት ቤት ተጠራ፤ አለ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«የሟቿ የመርሰዴስ ቤት?»

«አለሁ» የሚለውን በስፓኒሽ ሳምንቱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበር። ግን የሉስ እናት ስም ሲጠራ የወጣው፣ ማለትም የገባው፣ ያው «እ!» ሆነ። ማንም አልሳቀም። ዶን ሰጉንዶ አፋቸውን ሞጥሞጥ አድርገው፣ እንደ አሳ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ «እ!» ቀጥሎ የታችኛው ጎረቤት። ቀጥሎ ሁሉም።

ማክሰኞ ውሃው መጣ።

መመለሻ

ከመሥሪያ ቤቴ የወሰድኩት ፈቃድ ሲያልቅ እኔ ተመለስኩ፤ ትዕግስት ቪዛዋን አራዝማ ቀረች። በዚያው ፒክአፕ፣ በዚያው አውቶቡስ ወረድኩ። ሞቴን ከነቆዳው በላሁት።

ኮሎምበስ ስደርስ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። ሜሮን መኪናዋን ይዛ ኤርፖርት ጠበቀችኝ። ሞርስ ሮድ ስንገባ ያ ስናፍቀው የከረምኩት ትራፊክ ተደርድሮ ተቀበለኝ። ክላክሱ አለ፣ ቀዩ መብራት አለ፣ እኔ ግን ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። እዚያ ሆኜ እዚህ፣ እዚህ ሆኜ እዚያ። እኔ እንግዲህ እንዲህ ነኝ፤ የሚያሳርፈኝ አገር ገና አልተሠራም። ግን ከጉዞው አንድ ነገር ይዣለሁ፦ ሰው አገር ገብተህ ሾርባ ካመጡልህ እንግዳ ነህ፤ አካፋ ከሰጡህ ግን ጎረቤት ነህ። ቀኝ እግሬንም እንግዲህ አካፋ ላይ ማስረገጥ ነው።

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ትዕግስት ደወለች። ሜሮን ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ደረስክ? እኔ ምሳ በልቼ ተኝቼ፣ አሁን ተነስቼ ኮረብታው ላይ መውጣቴ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ገና ትራስ ትራስ እያለ። «ዶን ሰጉንዶ እዚህ ናቸው፤ ሰላም ሊሉህ።»

«ዶን ሰጉንዶ!» አልኩ በዚያች ስፓኒሼ። «ውሃው ቤታችን ደርሷል?»

ከተራራው ማዶ፣ ከሚንሿሿ ነገር መሀል፣ አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን በኃይል ወደ ውስጥ ሲስብ ተሰማ።

ሜሮን ክው አለች። «ዳድ! ኢዝ ሂ ኦኬ?»

«ደህና ናቸው፣ ልጄ» አልኳት። «አዎ ማለታቸው ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ንጂ።»